በፈረስ ተቀምጠው መድኃኒትና መጽሐፍ ስላደረሱ ሴቶች



በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ ጀግና በፈረሱ ስም ይጠራል። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፥ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፥ ራስ አሉላ አባ ነጋ፥ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ መባላቸው የታወቀ ነው። የፈረሱ ስም የጌታውን ኀይልና ክብር ስለሚያሳይ ከጌታው ስም ጋራ ተቈራኝቶ ይኖራል። ነገር ግን ፈረስን እንዲህ ያከበረው ሕዝብ ራሱ «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ብሎ ይተርታል። የተረቱም ትርጓሜ፥ ፈረስ ሰውን ከሥራው ቦታ ያደርሰዋል እንጂ ሥራውን አይሠራለትም፤ ከደረሰ በኋላ የሚያስፈልገው የሰውየው ልብና ዕውቀት ነው ማለት ነው።

ይህ ንግግር በፈረስ ስለ ተቀመጡ ጦረኞች አይደለም። በአሜሪቃ አገር፥ ኬንታኪ በሚባለው ግዛት፥ በተራራ ውስጥ በፈረስና በበቅሎ እየዞሩ፥ እኩሌቶቹ ለወላድ እናቶች መድኃኒትና ርዳታ፥ እኩሌቶቹም ለባላገር ቤተ ሰብ መጽሐፍ ስላደረሱ ሴቶች ነው። እነዚህ ሴቶች በፈረሳቸው ስም አልተጠሩም። መጽሐፍ የምታመጣውን የአገሩ ሰው «የመጽሐፍ ሴት» ይላት ነበር። እንግዲህ ስሟን ያገኘችው ከተቀመጠችበት ፈረስ ሳይሆን ፈረሱ ከተሸከመው ጭነት ነው። በዚህ ጭነት ምክንያት ሴቶቹ ራሳቸው እንዴት እንዳደጉ፥ ተበታትኖ ይኖር የነበረውም ሕዝብ በእነርሱ ምክንያት እንዴት እንደ ተያያዘ መመልከት ለመምህርም ለአባወራም ይጠቅማል። በዚህ ንግግር የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ስለ አገሩ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። የኬንታኪ ምሥራቃዊ ክፍል አፓላችያ በሚባሉት ተራሮች ውስጥ ያለ ነው። ተራሮቹ እንደ ስሜን ተራሮች እጅግ ከፍ ያሉ አይደሉም፤ ነገር ግን እርስ በርሳቸው የተጠጋጉ፥ በደን የተሸፈኑ፥ በመካከላቸውም ጠባብ ሸለቆና ጅረት ያለባቸው ናቸው። በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ ዓመታት በብዙው ስፍራ የመኪና መንገድ አልነበረም። ብዙ ጊዜ መንገዱ ጅረቱ ራሱ ነበረ፤ ፈረሱ በውኃው ውስጥ ድንጋይ ለድንጋይ እየረገጠ ይሄዳል። ዝናም በዘነመ ጊዜ ያ መንገድ ወንዝ ይሆናል፤ የብርድ ወራት በገባ ጊዜ ደግሞ በረዶ ይሆናል። ሰዎቹ ከግንድ በተሠሩ ቤቶች፥ አንዱ ካንዱ ተራርቆ፥ በቈሎ እያረሱ ይኖሩ ነበር። ከአራሾቹም ሌላ ብዙዎቹ በድንጋይ ከሰል ጕድጓድ ሠራተኞች ነበሩ። በ1929 የጀመረው ታላቁ የንግድ ድቀት ያን አገር በደረሰበት ጊዜ ግን ብዙ ጕድጓዶች ተዘጉ፥ ወንዶቹም ሥራ ፈቱ። በ1930 በምሥራቅ ኬንታኪ ከመቶ ሰው እስከ 31 የሚሆነው ማንበብ አይችልም ነበር።

በዚህ አገር አስቀድመው በፈረስ የወጡት ነርሶች ናቸው። ሥራውን የመሠረቱት ወይዘሮ ሜሪ ብሬክንሪጅ በ1881 ተወለዱ። ከታላቅ ቤተ ሰብ ነበሩ፤ አያታቸው የአሜሪቃ ምክትል ፕሬዚዳንት ነበሩ። ነገር ግን የቤተ ሰባቸው ክብር ከኀዘን አላዳናቸውም። በ1916 ሴት ልጃቸው ጊዜዋ ሳይደርስ ተወልዳ ወዲያው ሞተችባቸው፤ በ1918 ደግሞ አራት ዓመት የሆነው ወንድ ልጃቸው ሞተ። ከዚህ በኋላ ሌላ ልጅ አልነበራቸውም። በኀዘናቸው ቤት ዘግተው ሊቀመጡ ይችሉ ነበር። እርሳቸው ግን የሌላ ሴት ልጅ እንዳይሞት መሥራትን መረጡ።

አሠራራቸውም ሊታወቅ የሚገባው ነው። ሥራውን ከመጀመራቸው አስቀድሞ በ1923 በጋ በፈረስና በበቅሎ ተቀምጠው ተራራውን እየዞሩ ሕዝቡ እንዴት እንደሚኖር፥ እናቶችም እንዴት እንደሚወልዱ ጠየቁ። በየሸለቆው ያሉትን የልምድ አዋላጆች ከቤታቸው ድረስ ሄደው አነጋገሩ። የነርስነት ትምህርት የነበራቸው ሲሆኑ፥ ይህ ብቻ እንደማይበቃ ባዩ ጊዜ ወደ እንግሊዝ አገር ሄደው ዕድሜያቸው ዐርባ ዓመት ካለፈ በኋላ እንደ ገና ተማሪ ሆነው አዋላጅነትን ተማሩ። በ1924 በስኮትላንድ ተራሮችና ደሴቶች ውስጥ ነርሶች እንዴት እንደሚሠሩ ተመለከቱ። ከዚያም በ1925 ሌስሊ በሚባለው አውራጃ፥ ሃይደን በምትባለው ታናሽ ከተማ ሥራውን ጀመሩ። ይህም ማኅበር በኋላ «የጠረፍ ነርሶች አገልግሎት» ተባለ።

ነርሶቹ በየሸለቆው ጣቢያ ተሠራላቸው። የጣቢያው አሠራር እያንዳንዷ ነርስ ወደ 8 ኪሎ ሜትር በሚሆን ዙሪያ ያሉትን ቤቶች እንድትጠብቅ፥ በፈረስ ሄዳም ቶሎ እንድትደርስ ሆኖ የታሰበ ነው። በየጣቢያውም የአገሩ ሰዎች ማኅበር ነበረ፤ እነርሱ መሬትና ግንድ፥ ጕልበትም ሰጡ። አንዲት እናት ከፅንስ ጀምሮ እስክትወልድና ከወለደችም በኋላ ለሚደረግላት ርዳታ የተወሰነው ዋጋ 5 ዶላር ብቻ ነበረ። ገንዘብ የሌለው በእንጨት፥ በፈረስ መኖ ወይም በጕልበት ሥራ ይከፍላል። ሕዝቡ ምጽዋት ተቀባይ ሆኖ እንዳያፍር፥ አገልግሎቱም የራሱ እንደ ሆነ እንዲያውቅ የተደረገ ጥበብ ነው። ነርሶቹም አንድ ሕግ ነበራቸው፤ ይኸውም አባትየው ነርስ ለመጥራት መምጣት ከቻለ ነርሷም ወደ እናቲቱ መሄድ ትችላለች የሚል ነበር። ሌሊት ነው፥ ወንዙ ሞልቷል፥ በረዶ ነው ማለት ምክንያት አይሆንም።

የዚህ ሥራ ፍሬ በቍጥር ታይቷል። በመጀመሪያዎቹ ሠላሳ ዓመታት ነርሶቹ ካዋለዷቸው እናቶች በወሊድ ምክንያት የሞቱት ከ10,000 እናቶች 9 ያህል ነበሩ። በዚያው ዘመን በአሜሪቃ በመላው የሚሞቱት ግን ከ10,000 እናቶች 34 ያህል ነበሩ። እንግዲህ መንገድ በሌለው ተራራ በፈረስ የምትሄድ ነርስ የምትጠብቃት ድኻ እናት፥ ሐኪምና መኪና ካለበት ከተማ ከምትኖር እናት ይልቅ በደኅና ትወልድ ነበር ማለት ነው። ይህን ያደረገው የፈረሱ ፍጥነት አይደለም። ነርሷ እናቲቱን ከፅንስ ጀምሮ በየጊዜው ስለ ጐበኘቻት፥ ስለምታውቃትም ነው።

ሥራው አደጋ የሌለበት አልነበረም። ወይዘሮ ብሬክንሪጅ ራሳቸው በ1931 ከፈረስ ወድቀው የጀርባ አጥንታቸው ተሰበረ። ነገር ግን ከአልጋ ተነሥተው ማኅበሩን እስከ ዕለተ ሞታቸው እስከ 1965 ድረስ መሩ። በ1939 ጦርነት በተነሣ ጊዜ ከእንግሊዝ አገር መጥተው የነበሩ ብዙ ነርሶች ወደ አገራቸው ተመለሱ። ማኅበሩም በዚሁ ዓመት በዚያው በሃይደን የአዋላጆች ትምህርት ቤት አቆመ፤ ከሌላ አገር ይመጣ የነበረው ዕውቀት ከዚያ ወዲህ በተራራው ውስጥ ይሰጥ ጀመር።

ከነርሶቹ ጋራ ሌሎች ልጃገረዶችም ነበሩ። ከ1928 ጀምሮ ከየከተማው፥ ብዙዎቹም ከባለጸጋ ቤት፥ ያለ ደመወዝ ለጥቂት ወራት እየመጡ ያገለግሉ ነበር። ሥራቸው የባልደራስና የመልእክተኛ ሥራ ነው። ፈረሶቹን ያበላሉ፥ ያጠጣሉ፥ ያሻሻሉ፤ ሰኮናቸውን ይመረምራሉ፤ የታመመውን ፈረስ ያስታምማሉ፤ መድኃኒትና ደብዳቤ ከጣቢያ ወደ ጣቢያ ያደርሳሉ፤ እንግዳ ሲመጣም መንገድ ይመራሉ። በቤታቸው ሎሌ የሚታዘዛቸው ልጃገረዶች በዚህ ስፍራ ጋጣ ይጠርጉ ነበር። ፈረስ የሰውን ዘርና ሀብት አይለይም፤ ያልበላ ፈረስ አይሄድም፥ የተቈጣ እጅም ሲነካው ይደነግጣል። ስለዚህ ጩኸትን ትቶ በትዕግሥት ማዘዝን፥ ከራስ አስቀድሞ ለሌላው ማሰብን በጋጣ ውስጥ ይማሩ ነበር።

ከመጀመሪያዎቹ መልእክተኞች አንዲቱ የወይዘሮ ብሬክንሪጅ ዘመድ የሆኑት ወይዘሪት ሜሪ ማርቪን ብሬክንሪጅ ናቸው። የነርሶቹን ሥራ ለሕዝብ ለማሳየት የሲኒማ ሥዕል ማንሣትን ተምረው ያነሡት ፊልም በ1931 ታየ። ጦርነቱ በተነሣ ጊዜም በ1939 ከአውሮጳ ወደ አሜሪቃ በራዲዮ ወሬ ከሚያስተላልፉት ሰዎች ጋራ ተቈጠሩ፤ በዚያ ጊዜ ይህ ሥራ ለሴት እጅግ ብርቅ ነበረ። በማያውቁት ተራራ ብቻቸውን መልእክት ማድረስን የለመዱ ሰው፥ በጦርነት ጊዜ መልእክት ለማድረስ መድፈራቸው አያስደንቅም።

እስካሁን የተነገረው በአብዛኛው ከውጭ ተምረው ስለ መጡ ሴቶች ነው። አሁን ግን ከዚያው ከተራራው ስለ ወጡት ሴቶች ይነገራል፤ ለመንደር ትምህርት ቤት ይልቁን የሚቀርበው የእነርሱ ታሪክ ነው።

መጽሐፍን በፈረስ የማዞር ሐሳብ በኬንታኪ በ1913 ታይቶ ነበር። ሜይ ስታፎርድ የተባሉ የፔንትስቪል ከተማ ሴት፥ ጆን ሜዮ የተባሉ የከሰል ባለጸጋ ገንዘብ እየሰጧቸው ይህን ሥራ ጀመሩ። ነገር ግን ባለጸጋው በ1914 በሞቱ ጊዜ ሥራውም አብሮ ቀረ። በአንድ ሰው ቸርነት ብቻ የቆመ ነገር ዕድሜው የዚያን ሰው ዕድሜ ያህል እንደ ሆነ ከዚህ ይታወቃል።

ከሃያ ዓመት በኋላ በ1934 በሌስሊ አውራጃ የነበሩ አንድ የወንጌል ሰባኪ፥ መንግሥት ለሚያዞሩት ሰዎች ደመወዝ የሚከፍል ከሆነ የመጽሐፍ ቤታቸውን እንደሚሰጡ ተናገሩ። በ1935 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ለሥራ ፈቶች ሥራ እንዲሰጥ ያቆሙት የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሥራውን ተቀብሎ አስፋፋው። መንግሥት የሚከፍለው ግን የሠራተኞቹን ደመወዝ ብቻ ነበረ፤ መጽሐፍ አይገዛም ነበር። መጻሕፍቱ፥ መጽሔቶቹና ጋዜጦቹ ሁሉ ከየስፍራው በስጦታ የመጡ፥ ብዙዎቹም ያረጁና የተቀደዱ ነበሩ።

መጽሐፍ የሚያዞሩት አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ። ደመወዛቸው በወር 28 ዶላር ነበረ። ፈረሱን ወይም በቅሎውን የምታመጣው ሴቲቱ ራሷ ናት፤ የሌላት ትከራያለች፥ መኖውንም ከዚያው ከደመወዟ ታወጣለች። በዚያ የሥራ ማጣት ዘመን ለብዙዎቹ ቤተ ሰብ የሚገባው ገንዘብ ይኸው ብቻ ነበረ። ባል ሥራ ፈትቶ በተቀመጠበት ቤት ልጆቹ የሚበሉት እንጀራ ከእናታቸው ኮርቻ ይገኝ ነበር።

የመጽሐፍ ሴት በየሳምንቱ የምትሄደው መንገድ ከ160 እስከ 190 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። በኮርቻዋ ግራና ቀኝ በተንጠለጠለው ኮሮጆ መጻሕፍቱን ጭና ማለዳ ትወጣለች። እያንዳንዱን ቤት ቢያንስ በወር ሁለት ጊዜ ትጐበኛለች፤ አዲሱን ሰጥታ የተነበበውን ትቀበላለች። ገደሉ ለፈረስ በማይመችበት ስፍራ ወርዳ በእግሯ ትሄዳለች። አንዲቱ በቅሎዋ በሞተችባት ጊዜ ወደ 29 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን መንገዷን በእግሯ ሄደች እንጂ ቀኑን አላስታጐለችም። ሌላዪቱ ደግሞ የዚያ አገር ፈረሶች ከተራራው ጥግ ተንሸራተው እንዳይወድቁ የአንድ ወገን እግራቸው አጭር ነው እያለች ትቀልድ ነበር። በእንዲህ ያለ መንገድ ላይ መቀለድ የሚችል ሰው ፍርሃቱን ያሸነፈ ሰው ነው።

ከመንገዱ ይልቅ የከበደው ግን የሰው ልብ ነበረ። የተራራው ሰው እንግዳን ቶሎ አያምንም፤ ከመንግሥት የመጣ ነገር ሁሉ ያጠራጥረዋል፤ መጽሐፍ ልጆችን ከሥራ ያስፈታል የሚልም አልታጣም። የመጽሐፍ ሴቶች ይህን በክርክር አላሸነፉም። እነርሱ የዚያው አገር ልጆች ስለ ነበሩ አነጋገሩን ያውቁታል፥ የማን ልጅ እንደ ሆኑም ይታወቃል። በደጅ ተቀምጠው ሕዝቡ ከሚያከብረው ከመጽሐፍ ቅዱስ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ። የሰማው ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ወንበር አቀረበላቸው። ማንበብ የማይችሉ ወላጆችም ሥዕል ያለበትን መጽሐፍ ይወስዱ ጀመር፤ ማታ በእሳት ዙሪያ ልጆቹ ያነቡላቸዋል። ልጅ ለአባቱ ሲያነብ የአባትነት ክብር አልቀነሰም፤ ይልቁንም ቤቱ በሙሉ አንድ ትምህርት ቤት ሆነ።

መጻሕፍቱ ጥቂቶች፥ አንባቢዎቹም ብዙዎች ስለ ነበሩ መጻሕፍቱ ቶሎ አለቁ። በዚህ ጊዜ ሴቶቹ ያደረጉት ብልሃት ሊመሰገን ይገባዋል። አንባቢዎች የደረሱበትን ለማስታወስ የገጹን ጫፍ ያጥፉ ስለ ነበረ፥ ለልደት በዓል የተላኩ አሮጌ የመልካም ምኞት ካርዶችን ሰብስበው የገጽ ምልክት አድርገው ሰጡ። የተቀደደውን ሰፉ፥ ለጠፉ። ሊጠገን የማይችለውን መጽሔትና ጋዜጣ ደግሞ ቈርጠው በወረቀት ላይ እየለጠፉ አዲስ መጽሐፍ አድርገው ጠረዙት። ከዚህ በኋላ ከሁሉ የሚበልጥ ነገር መጣ። በየቤቱ ያሉት ሴቶች መጽሐፍ ለምታመጣላቸው የሚመልሱት ነገር ስለ ፈለጉ፥ የራሳቸውን ባልትና ይነግሯት ጀመር። አንዲቱ የምግብ አሠራር፥ አንዲቱም ከቁራጭ ጨርቅ የሚሰፋ የአልጋ ልብስ ጥለት ሰጠቻት። የመጽሐፍ ሴትም ይህን ጽፋና ለጥፋ በሌላው ሸለቆ ላሉት ሴቶች አደረሰች፤ ከአውራጃ ወደ አውራጃም ተላለፈ። ፊት ለፊት ተያይተው የማያውቁ ሴቶች በባልትናቸው ተዋወቁ። ከዚያ ቀን አስቀድሞ መጽሐፍ ከውጭ የሚመጣ ነገር ነበረ፤ ከዚያ ወዲህ ግን ራሳቸው የመጽሐፍ ደራሲዎች ሆኑ።

የመምህራንና የወላጆችም ማኅበር ከዚህ ሥራ አልተለየም። የኬንታኪ የወላጆችና የመምህራን ማኅበር እያንዳንዱ አባል አንዲት ሳንቲም ብቻ እንዲያዋጣ ጠይቆ በዚያ ገንዘብ መጽሐፍ ተገዛ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው በዚህ ታየ። በ1936 መጽሐፍ የሚደርሳቸው ቤተ ሰቦች 50,000 ሆኑ፤ በ1937 ደግሞ 155 ትምህርት ቤቶች ከእነዚህ ሴቶች መጽሐፍ ይቀበሉ ነበር።

እንግዲህ እነዚህን ሴቶች ያሳደጋቸው ምንድር ነው? ተብሎ ቢጠየቅ፥ መልሱ ፈረስ ነው ማለት አይቻልም። በፈረስ መቀመጥ ብቻ ሰውን የሚያሳድግ ቢሆን ኖሮ በዓለም ያሉ ባለ ፈረሶች ሁሉ ትልልቅ ሰዎች በሆኑ ነበር። ያሳደጋቸው አደራ ነው። አንዲት ሴት በተወሰነ ቀን በተወሰነ ደጅ የምትጠበቅ በሆነች ጊዜ ሌላ ሰው ትሆናለች። ብርዱን ትንቃለች፤ የቀኑንና የመንገዱን ስሌት ትማራለች፤ የወሰደውንና የመለሰውን ትጽፋለች፤ ለሽማግሌ እንዴት እንደሚነበብ፥ ለሕፃን እንዴት እንደሚነበብ ትለያለች። ትላንት በቤቷ ውስጥ ብቻ የምትታወቀው ሴት ዛሬ የአገር ሰው መንገድ አይቶ የሚጠብቃት ትሆናለች። ይህ እድገት በምክር ብቻ የሚገኝ አይደለም፤ ሰው አደራ ሲሰጠውና አደራውን ሲፈጽም የሚገኝ ነው።

ሕዝቡም ያደገው በዚያው መንገድ ነው። ነርሷን ያመናት ስለ ዲፕሎማዋ አይደለም፤ ሌሊት ተጠርታ ስለ መጣች ነው። የመጽሐፍ ሴትን ያመናት ስለ መጻሕፍቷ ብዛት አይደለም፤ እመጣለሁ ባለችበት ቀን ስለ መጣች ነው። እንዲህ ተመላልሳ የምትመጣ አንዲት ሴት ሁለት ሸለቆዎችን እንደ ድር ታያይዛለች፤ ብዙዎች ሲሆኑ ደግሞ አገሩ በሙሉ ይያያዛል።

«ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቃል» የሚል ተረት አለ። ይህን ተረት ብዙ ሽማግሎች ከአባቶቻቸው ሰምተውታል። ነገር ግን በኬንታኪ ተራራ የሆነውን የተመለከተ ሰው ተረቱን ሊመረምረው ይገባል። በዚያ አገር በሥራ ማጣት ዘመን የወንዱን ቤት ከረኀብ ያዳነው የሴቲቱ ማንበብ መቻል ነበረ፤ ማንበብ ባትችል ያ ሥራ አይሰጣትም ነበርና። እናት ከልጇ ጋራ በደኅና የወለደችው አዋላጇ ስለ ተማረች ነው። የሴት ዕውቀት ለቤቱ ጕልላት እንጂ ለወንዱ ውርደት አልሆነም። ሴት ልጅ በመንገድ ትጐዳለች ብሎ መሥጋት ግን የአባት ወግ ነው፥ አይነቀፍም። የኬንታኪም መንገድ አስጊ ነበረ። ይህን ሥጋት ያቀለለው ሕዝቡ ራሱ ሴቶቹን እንደ ልጁ ስለ ጠበቃቸው ነው፤ እያንዳንዱ ቤት ማረፊያቸው፥ እያንዳንዱ አባወራም ጠባቂያቸው ሆነ። እንግዲህ መንገድ ለሴት ልጅ ክፉ ነው ከማለት ይልቅ መንገዱን ደግ ለማድረግ ሽማግሎች ሥልጣን እንዳላቸው ማሰብ ይሻላል።

የዚህ ሥራ መጨረሻም ትምህርት ይሰጣል። ጦርነቱ ለሰው ሁሉ ሥራ በሰጠ ጊዜ፥ በ1943 ያ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተዘጋ፤ የመጽሐፍ ሴቶችም ደመወዝ ተቋረጠ። ፈረሶቹ ወደ እርሻቸው ተመለሱ። ብዙ መንደሮችም ለጥቂት ዓመታት መጽሐፍ የሚያመጣላቸው አጡ። ነገር ግን እንደ 1914ቱ ሁሉም ነገር አልሞተም። ማንበብ የለመደ ሕዝብ መጽሐፍ መጠየቅን አይተውምና፥ መንገድ በተሠራ ጊዜ በኬንታኪ መጽሐፍ የጫኑ መኪናዎች በዚያው ተራራ ይዞሩ ጀመር። ነርሶቹም በጊዜው ፈረሱን ትተው በመኪና ሄዱ፤ በ1939 የተመሠረተውም የአዋላጆች ትምህርት ቤት ከመሥራቿ ሞት በኋላ ጸንቶ ቈየ። የ1913ቱ ሥራ በባለጸጋው ኪስ ላይ ቆሞ ነበር፤ ይህኛው ግን በሕዝቡ ልማድና በትምህርት ላይ ስለ ቆመ ተረፈ።

ክቡራን መምህራን ሆይ፤ ከዚህ ታሪክ ለመንደር ትምህርት ቤት የሚወሰድ ብዙ ነገር አለ። ፈረስና ደመወዝ የሚጠይቀው ጥቂቱ ብቻ ነው። በሣጥን ተቈልፎ የተቀመጠ መጽሐፍ ከምስጥ በቀር ማንንም አይጠቅምም፤ ተማሪ ይዞት ወደ ቤቱ ይሂድ፥ ማታም ለወላጆቹ ያንብብ፤ በተወሰነው ቀን ይመልስ። የመጽሐፉንም መዝገብ የምትጠብቅ ከሴቶቹ ተማሪዎች አንዲቱ ብትሆን፥ የሰጠችውንና የተቀበለችውን እየጻፈች ስሌትንና ኀላፊነትን አብራ ትማራለች። አሮጌ ጋዜጣ ሲገኝ ከመጣል ይልቅ የሚጠቅመውን ቈርጦ መለጠፍ፥ በክርም መስፋት ይቻላል። ይልቁንም በየመንደሩ ያሉ እናቶች የሚያውቁት የባልትና፥ የስፌትና የጥበብ ሥራ እንዳይጠፋ ልጆቻቸው ጠይቀው ቢጽፉት፥ ያ መንደር ራሱ የጻፈው መጽሐፍ ይኖረዋል። ከጐረቤት መንደር ትምህርት ቤት ጋራም ሊለዋወጡት ይችላሉ።

ክቡራን ሽማግሎች ሆይ፤ ይህ ሁሉ ያለ እናንተ ቃል አይጸናም። ልጅቱ መጽሐፍ ይዛ ከደጃችሁ በደረሰች ጊዜ፥ የኬንታኪ ሰዎች እንዳደረጉት ወንበር አቅርቡላት፤ አንብባ እስክትጨርስም ስሟት። ስትነሣም ከሌላ ነገር ሁሉ አስቀድማችሁ የምትመለስበትን ቀን ጠይቋት፤ ቀኑ በደረሰ ጊዜም በቤታችሁ ሆናችሁ ጠብቋት።